«ባለቤት የሌላቸው» ስለተባሉት ውሾች፦ ለወረዳችንና ለሰፈራችን ሰው ግልጽ ደብዳቤ

ለወረዳችን ጽሕፈት ቤት፣
ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣
ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ሰኞ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ የግቢያችን በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየሁ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ አጭር ነው። በአካባቢው የሚዘዋወሩ ባለቤት የሌላቸው ውሾች እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ እንደሚወገዱ ይናገራል። ውሻ ያለው ሰው ደግሞ በእነዚህ ሌሊቶች አስሮ እንዲይዝ ያሳስባል። ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። «ይወገዳሉ» ማለት ምን እንደሆነ እኛ ሰፈር ማንም አይጠፋውም፤ አምና አይተነዋል። እኔን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ሌላው ቃል ነው። «ባለቤት የሌላቸው» የሚለው።

እስቲ ከእነዚህ ውሾች ስለ አንዷ ልንገራችሁ።

ስሟ ጳጉሜ ነው። ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር የሰፈሩ ልጆች እንደ ወጉ ልብሳቸውን እየጣሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ወጡ። እየዘለሉ፣ እየጮኹ፣ ጎርፉን ተከትለው እስከ ትልቁ ቱቦ ድረስ ወረዱ። ቱቦው አፍ ላይ የተቋጠረ ጆንያ ተሰንቅሮ ነበር። ይንቀሳቀሳል። ከልጆቹ አንዱ ሮጦ ጥበቃውን ጠራ።

ጋሼ ጥበቃው ጆንያውን በቢላ ቀደዱት። ውስጡ አራት ቡችሎች ነበሩ። ሦስቱ ሞተዋል። አራተኛዋ እህቶቿ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ አየር ትፈልጋለች። «እህቶቿ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ አራቱም ሴቶች ነበሩ። ወንዱን ለግቢ ጥበቃ የሚፈልገው አይጠፋም። ሴቷን ግን ነገ ትወልድብናለች ይሉና ወይ ወንዝ ዳር ወይ ገንዳ ውስጥ ይጥሏታል። ያን ጆንያ የቋጠረው ሰው ከሩቅ የመጣ አይመስለኝም።

ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሏት። ሰው ተሰበሰበ። አንዳንዱ «ምን ያደርግልሃል፣ ጣላት» አለ። በሩ ላይ ቆሎ የሚሸጡት እማማ ግን፣ በልጅነታቸው ውሻ ነክሷቸው እስከ ዛሬ ውሻ ሲያዩ የሚሸሹት ሴትዮ፣ ከዣንጥላቸው ሥር ሆነው «በሩፋኤል ቀን የመጣች ውሻ አትባረርም» አሉ። ጦቢያ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻውም አብሮ ተከትሏል ብለው። ነገሩ በዚያው አለቀ። ውሻዋ ቀረች።

ከጆንያ ማውጣቱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ረጅሙ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ወር ሙሉ የሰው እጅ ሲዘረጋ ባየች ቁጥር ሽንቷ ያመልጣት ነበር። ያ እጅ ምን እንዳደረጋት ታውቃለች። ጋሼ አልጎተቷትም፣ አላባበሏትም። ከራታቸው እንጀራ ቆርሰው፣ ሽሮ ነክረው፣ ሁለት እርምጃ ራቅ አድርገው ያስቀምጡና ጀርባቸውን ሰጥተዋት ይቀመጣሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ዓይን ዓይኗን ካየኋት ትፈራለች። ጀርባዬን ስትለምድ ፊቴን ትለምዳለች» አሉኝ። ወሎ ውስጥ ልጅ ሳሉ ከብት የጠበቁት ከውሻ ጋር ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ እርምጃ ቀረበች። በአምስተኛው ሳምንት አፍንጫዋን ጫማቸው ላይ አሳረፈች። ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲበረታ አንድ ሌሊት ራሷ መጥታ ከጋቢያቸው ጫፍ ሥር ተኛች፣ ጋሼም እግራቸው እየደነዘዘ፣ እንዳትነቃባቸው ብለው፣ እስኪነጋ ድረስ ሳይነቃነቁ አደሩ። ጠዋት ሲያነክሱ አይቼ ምን ሆኑ ብዬ ስጠይቃቸው ነው የነገሩኝ።

እኔ ያኔ ውሻ የምወድ ሰው አልነበርኩም። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የምሽት ተረኛ ነኝ፣ ታክሲ የሚያወርደኝ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ግቢያችን ያለው መንገድ መብራት የለውም። አንድ ቀን እዚያው ጨለማ ላይ ስልኬን ነጠቁኝ፣ ገፍትረው ጣሉኝ፣ ጉልበቴ ተላጠ። እያለቀስኩ ስገባ ጳጉሜ ጋሼ አጠገብ ተኝታ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። በማግስቱ ማታ ከታክሲ ስወርድ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ አገኘኋት። ማን ሰዓቱን እንደነገራት እንጃ። ፊት ፊት እየሄደች በር ድረስ አደረሰችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ዝናብም ይሁን ብርድ አንድም ምሽት ቀርታ አታውቅም። የእኔ ብቻ አይደለችም። ከቡና ቤት የምትመለሰውን ጎረቤቴንም፣ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ለኪዳን የሚወጡትን እናቶችም ታደርሳለች፣ ታመጣለች።

ታዲያ ባለቤቷ ማነው?

ጋሼ ያበሏታል። የሥጋ ቤቱ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳንባና አጥንት በፌስታል ይቋጥርላታል። የሱቁ ሐጂ ለውዱእ ብለው አይነኳትም፣ ውኃዋ ግን ከሱቃቸው በር ጎድሎ አያውቅም። በጥም ምላሱን አውጥቶ መሬት ሲልስ ለነበረ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውኃ ስላወጣው፣ በዚያም ኃጢአቱ ስለተማረለት ሰው የነገሩን እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ቁንጫዋን ይለቅማሉ። ሕክምናዋን ከሦስት ብሎክ የተዋጣ ገንዘብ ችሎታል። እንዳትወልድ ያደረገላት የእንስሳት ሐኪም ከሒሳቡ ግማሹን ትቶልናል። በወረቀት አንድ ባለቤት የላትም፤ እውነት ነው። አስራችሁ ያዙ ብላችኋል፣ ግን የማን ደጅ ላይ ትታሰር? ባለቤቷ መንገዱ በሙሉ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፣ ምክንያቱም እናንተን ያስጨነቃችሁ ነገር እኔንም ያስጨንቀኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይሞትበታል ብሎ ይገምታል፣ ሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ ደግሞ እስከ 99 በመቶ የሚመጣው ከውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ከ10ሩ 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። እኔ ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ሆኜ የተነከሰ ልጅ አቅፋ የምትንቀጠቀጥ እናት አይቻለሁ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው፣ ከዚያ ቀጥ ብለሽ ጤና ጣቢያ፣ ክትባቱን ሳታቋርጪ ጨርሺ እያልኩ ስንቴ እንደተናገርኩ አልቆጥረውም። ባህል ሐኪም ጋ ሄደው ቀናት ባክኖባቸው የመጡም አሉ። ስለዚህ ደብዳቤዬን «ጸሐፊዋ ውሻ ስለምትወድ በሽታውን ችላ ብላለች» ብላችሁ እንዳታነቡብኝ።

የምለው አንድ ነገር ነው። መርዙ በሽታውን አይገድልም። የሚገድለው በሽታውን የሚያቆምልንን ውሻ ነው።

እንዴት? ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ጳጉሜን ለማስከተብ ሐኪሙን ግቢ ድረስ ጠራነው። መርፌውን አዘጋጅቶ ቆመና «ክትባቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከባዱ መያዙ ነው። ማነው የሚይዛት?» አለን። ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን። ጋሼ በጉልበታቸው ተንበርክከው አንገቷን አቀፉ፣ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር አንሾካሾኩ፣ እሷም መርፌው ሲገባ ዓይኗን ጨፍና እጃቸውን ላሰች። አለቀ። ሐኪሙም ዘወር ብሎ «ሌሎቹንስ የሚይዝ አለ?» አለ።

ያኔ ነው የገባን። ሻምበልን፣ የሥጋ ቤቱን ሽማግሌ ውሻ፣ ከሥጋ ቤቱ ልጅ በቀር ማንም አይነካውም። ከገንዳው አጠገብ የምትተኛውን ቡናማዋን የሚይዛት ቆሻሻ የሚያነሳው ወጣት ነው። ድልድዩ ሥር ያሉትን ሁለቱን ደግሞ እዚያው የሚያድሩት የጎዳና ልጆች ናቸው የሚይዟቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሌሊት ልጆቹና ውሾቹ አንድ ላይ ተጠጋግተው ነው የሚሞቁት። በዚያ ቅዳሜና በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አንድ ውሾች ተከተቡ። አንድም ሰው አልተነከሰም። መረብ አላስፈለገም፣ ሽቦ አላስፈለገም። ያስፈለገው ውሻው የሚያምነው ሰው ነው።

አንድ ደብተር ገዛሁ። የውሻው ስም፣ መልኩ፣ የት እንደሚያድር፣ መቼ እንደተከተበ፣ መጨረሻው ዓምድ ላይ ደግሞ «የሚይዘው» ብዬ የሰው ስም ጻፍኩ። ለተከተቡት ቀይ የአንገት ማሰሪያ አደረግንላቸው።

ከዚያ የአምናው ሐምሌ መጣ።

ሌሊት ነው የመጡት። ሥጋ እየጣሉ አለፉ። ጳጉሜ የተረፈችው ዝናቡ ከባድ ስለነበረ ጋሼ ጎጆአቸው ውስጥ አስገብተዋት በሩን ስለዘጉ ብቻ ነው። ሲነጋ አራት ውሾች ሞተው ተገኙ። ለዚህ ሥራ በአገራችን ሲያገለግል የኖረው መርዝ ስትሪክኒን ነው። ምን እንደሚያደርግ በሙያዬ አውቃለሁ፦ ጡንቻ ሁሉ ይኮማተራል፣ ሰውነት እንደ ቀስት ይገተራል፣ እንስሳው ራሱን ሳይስት፣ ሁሉም እየተሰማው፣ በመጨረሻ መተንፈስ ያቅተዋል። ሻምበል የሞተው ሥጋ ቤቱ ደጅ ነው። መርዙን የበላው እዚያ አልነበረም፣ ከገንዳው ጋ ነው፤ ጭቃው ላይ የተጎተተበት መስመር ይታይ ነበር። ወደሚያውቀው ሰው ሲሳብ ነው ያደረው። የሥጋ ቤቱ ልጅ ሊከፍት ሲመጣ አገኘው። ሱቁን አልከፈተም። ለሙአለ ሕፃናት የሚሄዱ ልጆች እያዩ፣ ሬሳዎቹ በጋሪ ተጭነው ሄዱ። በአማርኛችን የማይጠየቁበትን ሞት «ደመ ከልብ» እንላለን። ቃሉን ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁ፣ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ቀን ጠዋት ነው።

ከአራቱ ሦስቱ ቀይ ማሰሪያ ነበራቸው።

ይህ እንዲያው ክፉ አጋጣሚ አይደለም። መርዝ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰው የጣለውን ቁራሽ ቶሎ የሚያነሳው ሰው የለመደው ውሻ ነው። የተከተበው ማለት ነው። ጌታ የሌለው፣ ሰው የማይቀርበው፣ ሌሊት ብቻ ከወንዝ ዳር የሚወጣው ውሻ ግን ሥጋውን አሽትቶ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ከሰው እጅ በጎ ነገር ጠብቆ አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የሰፈራችንን አጥር አፈረሳችሁት፣ የፈራችሁት ግን ከውጭ ቀረ። ገንዳው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፣ አጥንቱ አለ፣ የሚጠብቀው ውሻ የለም። መስከረም ሳይጋመስ ከወንዙ ማዶ አዲስ መንጋ ገባ። ማናችንም አናውቃቸውም፣ እነሱም አያውቁንም።

ጥቅምት ላይ የጎረቤቴ ልጅ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከእነዚያ አንዱ ነከሰው። እግሩን እኔ ነኝ በሳሙና ያጠብኩት። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠየቁን «ውሻው የት አለ?» ብለው ነው። ነካሽ ውሻ 10 ቀን ታይቶ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው፣ ቤተሰብም ትንፋሹ ይመለሳል። እኛ ግን የት እንሂድ? የማን ውሻ ብለን? ልጁ ክትባቱን ሁሉ ወሰደ፣ ዛሬ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቱ ግን ለሦስት ወር ልጇ ውኃ በጠጣ ቁጥር ጉሮሮውን ታይ ነበር። ነካሹ ሻምበል ቢሆን ኖሮ የሥጋ ቤቱ ልጅ ገመድ አስሮ 10 ቀን ደጁ ላይ ያቆየው ነበር። የመቼ ክትባት እንዳለውም ደብተሩ ላይ አለ።

ይህ የእኔ የሰፈር ፍልስፍና ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ እንደሚቆም ነው። ውሻን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማያቆምም ደጋግሞ ተናግሯል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1990 ውሾችን በነጻ በዘመቻ መከተብ ጀመረች። በዚያ ዓመት 60 ሰው በእብድ ውሻ በሽታ ተይዞባት ነበር፣ በ1999 ወደ 3 ወረደ፣ በ2006 ዜሮ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ የሚመጣን የሰው ሞት ያጠፋች የመጀመሪያዋ አገር ተብላ ተመስክሮላታል። ዘዴው ይኸው መርፌው ነው።

ከራሳችን አገርም ምሳሌ አለን። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከእኛ በቀር የትም የለም፣ አድገው የደረሱት ደግሞ በአገሪቱ ሁሉ 500 እንኳን አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሻ በተላለፈ በዚሁ በሽታ በወብ ሸለቆ ይታወቁ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። እዚያ የቀበሮዎቹ ጠባቂዎች በየዓመቱ የእረኞቹን ውሾች በየመንደሩ ዞረው ይከትባሉ። ውሾቹን ይዞ የሚቆመው የቤቱ ሰው ነው። በዚያ ብርድ አምባ ላይ የሚቻል ነገር አስፋልት ያለበት ከተማ ውስጥ እንዴት ያቅተናል?

ለጎረቤቶቼም የምለው አለኝ፣ ሁሉን ወረዳው ላይ ማላከክ ትክክል አይደለምና።

ቤት ለቅቃችሁ ስትሄዱ ውሻውን በር ላይ የምትተዉ፣ እባካችሁ። ድሮ በነበርንበት ሰፈር፣ ቤቶቹ ፈርሰው ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ፍርስራሹ ላይ በር በነበረበት ቦታ ቁጭ ብለው ለሳምንታት የጠበቁ ውሾች ነበሩ። በሩ የለም፣ እነሱ ግን ቦታውን ያውቁታል። ዛሬ ባለቤት የሌላቸው የምንላቸው ብዙዎቹ አንድ ቀን ባለቤት ነበራቸው። ሴቷን ጆንያ ውስጥ ከመክተት ደግሞ እንዳትወልድ ማድረግ ይቻላል፣ ገንዘቡ ካጠረ ንገሩን፣ እናዋጣለን። ልጆቻችሁ ድንጋይ ሲያነሱ እያያችሁ ዝም አትበሉ፤ የተመታ ውሻ ሊነክስ ይችላል። ገንዳው ላይም አጥንት በፌስታል ቋጥራችሁ አትወርውሩ።

«ሰው በተራበበት አገር ለውሻ ታዝናላችሁ» የምትሉም አላችሁ። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፣ ስለዚህ በቅንነት ልመልስ። እኔ እዚህ ሰፈር ውሻ ሲያበላ ያየሁት ሰው ራሱ የጠገበውን አይደለም። ጥበቃው ናቸው፣ ቆሻሻ የሚያነሳው ወጣት ነው፣ ድልድይ ሥር የሚያድሩት ልጆች ናቸው። አንዱን ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ለምን ከእንጀራህ ታካፍለዋለህ ብዬው ነበር። «እሱ ሲያየኝ ደስ ይለዋል» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። በዚህ ከተማ ያንን ልጅ ሲያይ ደስ የሚለው ስንት ፍጥረት አለ? ያን ውሻ መርዝ ስታበሉት ከልጁ ምን እንደምትወስዱበት አስቡት። ደግሞ በዚያ ውሻ በኩል ልጁን አገኘነው፦ ሊያስከትብ ሲመጣ እግሩ ላይ የነበረውን ቁስል አየሁት፣ መድኃኒት ሰጠሁት፣ ዛሬ ስሙን አውቃለሁ፣ ስታመም «እህቴ ደህና ነሽ?» ይለኛል።

አሁን የምጠይቀው።

ማስታወቂያውን አንሱልን። ዘንድሮ መርዝ በሰፈራችን አይጣል። በምትኩ መስከረም 18 ቀን ክትባቱንና አንድ የእንስሳት ሐኪም ላኩልን። ቀኑን የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 28 ላይ የሚውለው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው፣ የክትባቱ ጀማሪ ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ዕለት። ለእኛ ደግሞ የመስቀል ማግስት ነው። ሰው ሁሉ ሰፈር ውስጥ አለ፣ ሥጋ ቤቱ አጥንት አለው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቢሄዱም ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ድንኳን እኛ እንተክላለን። ለሐኪሙ ምሳ እኛ እናቀርባለን። የአንገት ማሰሪያ ገዝተናል፣ ሠላሳ ነው፣ ካነሰ እንጨምራለን። ገንዳው በሳምንት አንዴ ሳይሆን ሁለቴ እንዲነሳ ብታደርጉልን ደግሞ ከወንዙ ማዶ የሚመጣውን ይቀንስልናል።

ከወንዝ ማዶ ስለመጡት አዲሶቹም አትስጉ። ቆሻሻ የሚያነሳው ወጣት ከግንቦት ጀምሮ ከእነሱ አጠገብ ሳንባ እያስቀመጠ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ጋሼ ናቸው ያስተማሩት። ሁለቱ እጁን ማሽተት ጀምረዋል። ሦስተኛዋ፣ ግራጫዋ፣ አሁንም ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ነው የምትበላው። እስከ መስከረም ድረስ ጊዜ ስጡት።

ደብተሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ቅጂ አድርጌ ለጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ክፍል አስገብቻለሁ። ሞተው የተሰረዙት አራቱ እንዳሉ ናቸው፣ መስመራቸውን አላጠፋሁትም። የቀሩትና አዲሶቹ በተራ ተጽፈዋል። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጳጉሜ አለች፦ ቡላ፣ ደረቷ ነጭ፣ ግራ ጆሮዋ የታጠፈ፣ የምታድረው የጥበቃ ጎጆ። የሚይዛት፦ ጋሼ። የሁሉም «የሚይዘው» ዓምድ ተሞልቷል። ያልተሞላው የግራጫዋ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከምሽት ፈረቃ የምትመለሰው የግቢው ነዋሪ
ነሐሴ